ጥቆማ፦ የጅማን ዋና ቢሮ ከአጋሮ ቅርንጫፍ ጋር ለማገናኘት የቱ ይሻላል?

ጥያቄ

ዋና ቢሯችን ጅማ ሂርማታ፣ ቅርንጫፋችን አጋሮ ነው። የቡና ንግድ ነው። ጅማ 14፣ አጋሮ 5 ኮምፒውተር አለ። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ያለው ጅማ ሰርቨር ላይ ስለሆነ አጋሮ ያሉት ልጆች ደረሰኙን በቴሌግራም ፎቶ ይልካሉ፣ እዚህ እንደገና ይመዘገባል። ከኢትዮ ቴሌኮም ቪፒኤን (ሁለቱን ቢሮ የሚያገናኝ የግል መስመር) እንከራይ ወይስ ራውተር ገዝተን ራሳችን እንሥራው? ከራውተሮቹ ሚክሮቲክ ነው ወይስ ፎርቲጌት የሚሻለው?

መልስ፦ ኔትወርክ ዘርጊ

ከዕቃው በፊት መስመሩን ጨርሱ። ራሳችሁ የምትሠሩት ከሆነ ቢያንስ አንደኛው ቢሮ ፐብሊክ አይፒ (ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ) ሊኖረው ግድ ነው። የጅማውን ራውተር ክፈቱና በኢንተርኔት በኩል የተሰጠውን አድራሻ እዩ። በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ከአቅራቢው ናት (NAT፣ ብዙ ደንበኛን በአንድ ፐብሊክ አይፒ የሚያወጣ አሠራር) ጀርባ ናችሁ፤ ከውጭ ማንም አይደርስባችሁም። በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ የራሳችሁ ሞደም ናት እያደረገ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ብሪጅ አስደርጉት (አድራሻውን በቀጥታ ለራውተሩ እንዲያሳልፍ)። ለጅማ ብቻ ስታቲክ (የማይቀያየር) ፐብሊክ አይፒ ጠይቁ። ደዋዩ አጋሮ ስለሆነ እዚያ ፋይበርም ሆነ የ4ጂ ሞደም ይሠራል።

የቴሌው ቪፒኤን የሚመቸው በቢሮው አይቲ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ነው፤ መንገዱን እነሱ ይይዙላችኋል። ግን ትራፊካችሁን ከሌላ ደንበኛ ትራፊክ ይለያል እንጂ በራሱ አይመሰጥርም። የሒሳብ መዝገብ የሚያልፍበት ከሆነ በላዩ ላይ አይፒሴክ (የቪፒኤን ምስጠራ ዘዴ) መጫን ይገባል። ሲጫን ደግሞ ያው ራውተር መግዛታችሁ አይቀርም። ለሁለት ቢሮ የእኔ ምርጫ ተራ ኢንተርኔት ከዋየርጋርድ (በኢንተርኔት ውስጥ የተመሰጠረ ዋሻ የሚሠራ ቪፒኤን) ጋር ነው።

መልስ፦ የዕቃ ነገር

ለዚህ መጠን ሚክሮቲክ ሄክስ ሁለት ፍሬ ይበቃል። ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ፤ ሄክስ ላይት የሚባለው ታናሹ ወደቦቹ 100 ሜጋቢት ናቸው፣ ለአይፒሴክም የሃርድዌር እገዛ የለውም። ዋየርጋርድ ያለው በሚክሮቲክ ሶፍትዌር፣ በራውተር ኦኤስ 7 ላይ ነው፤ 6 ተጭኖበት ከመጣ መጀመሪያ አሳድጉት።

ፎርቲጌት 40ኤፍ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ቢሮ ለቢሮ አይፒሴኩም ያለ ፈቃድ ክፍያ ይሠራል። ነገር ግን የቫይረስና የድረ ገጽ ማጣሪያው በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ አለው። ዶላር በሌለበት ዓመት እድሳቱ ካለፈ በእጃችሁ የሚቀረው ውድ ራውተር ነው። ማጣሪያውን የምር የሚጠቀምበት ካለ ግዙ፤ ለመገናኛ ብቻ ከሆነ ገንዘቡን ለሁለተኛ መስመርና ለዩፒኤስ አውሉት።

ፒፒቲፒ (አሮጌ የቪፒኤን ዓይነት) ቀላል ነው የሚል ጫኝ ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙት። ምስጠራው ከተሰበረ ቆይቷል።

መልስ፦ ኔትወርክ ዘርጊ

አሠራሩ ይኸው። የሁለቱም ቢሮ ሞደም 192.168.1 ላይ ከሆነ (ብዙ ጊዜ ነው) መጀመሪያ ቀይሩት፣ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ወዲያ ማዶ ያለውን እዚሁ ይፈልጋል። ጅማን 10.20.1.0/24፣ አጋሮን 10.20.2.0/24፣ የዋሻውን ጫፎች 10.255.0.1 እና 10.255.0.2 አድርጉ። ጅማ ላይ የዋየርጋርዱን መግቢያ ወደብ ዩዲፒ 51820ን ክፈቱ፤ ሌላ ወደብ አትክፈቱ። ቁልፉን እያንዳንዱ ራውተር ራሱ ያመንጭ፣ የምትለዋወጡት የአደባባዩን ቁልፍ (public key) ብቻ ነው። አጋሮ ላይ የማቆያ ምቱን (persistent keepalive) 25 ሰከንድ ስጡት፤ ካልሰጣችሁት መስመሩ ዝም ሲል ናቱ ይረሳዋል፣ ከጅማ ወደ አጋሮም መድረስ ይቆማል።

ብዙ ሰው የሚቆምበት ቦታ፦ ሚክሮቲክ የተፈቀዱ አድራሻዎችን (allowed address) ስትጽፉለት ሩቱን (ወደ ማዶው ቢሮ የሚወስደውን መንገድ) በራሱ አይጨምርም። ሁለቱም ጋ በእጅ ጨምሩ። ፋየርዎሉ ፋብሪካ እንዳደረገው ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ይገናኛል፣ የማዶው ራውተር ግን ለፒንግ (ለመገናኘት መፈተሻው) አይመልስም፤ የዋሻው ገጽ (interface) ከላን (የውስጥ ኔትወርክ) ዝርዝር ውስጥ ስላልገባ ነው እንጂ ዋሻው አልተበላሸም።

ፒንግ አለ ግን ፋይል ሲከፈት ይንጠለጠላል? የጥቅል መጠን (MTU) ነው። ዋየርጋርድ 1420 ብሎ ይነሳል። በዊንዶውስ ፒንግ አትከፋፍል (-f) ብላችሁ 1392 ባይት (-l 1392) ላኩ፤ ካላለፈ እስኪያልፍ ቀንሱና ባለፈው ላይ 28 ደምራችሁ ለሁለቱም ጫፍ ስጡ። የቲሲፒውንም መጠን (MSS) በዚያው ልክ አስተካክሉ።

መልስ፦ የድርጅት አይቲ

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ዋሻው አልነሳ የሚለውን ማንም አልጠቀሰውም። እነዚህ ራውተሮች የሰዓት ባትሪ ስለሌላቸው ድንገት ሲጠፉ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ይቀራል። ዋየርጋርድ ሰላምታው ላይ ሰዓት ያትማል፣ ጅማ ያለው ደግሞ ቀድሞ ካየው የቆየ ሰዓት ሲመጣለት የድሮ መልእክት እየተደገመ ነው ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ የአጋሮው ራውተር ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይውሰድ፤ ከዋሻው ማዶ ካለው ሰርቨር ከሆነ ሰዓቱ ዋሻውን፣ ዋሻው ሰዓቱን ሲጠባበቁ ይውላሉ። ዲኤንኤሱም (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው) እንደዚሁ። ሄክስ 12 ቮልት ስለሚቀበል ባለ 12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ ያስነሳዋል።

ዋናው ግን ፒችትሪ ነው። ዳታውን በሼርድ ፎልደር ከአጋሮ አትክፈቱት። መዝገቡ የተሠራው ለአንድ ሕንፃ ኔትወርክ ነው፤ መስመሩ መሃል ላይ ሲቋረጥ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፣ ባይቋረጥም ይጎተታል። በዋሻው ውስጥ ሪሞት ዴስክቶፕ (የጅማውን ኮምፒውተር ከርቀት ማንቀሳቀሻ) ተጠቀሙ፤ የሚሻገረው የስክሪን ምስል ብቻ ስለሆነ ቢቋረጥም ሥራው ጅማ ላይ ይቆያል። የሪሞት ዴስክቶፑን ወደብ 3389ን ለኢንተርኔት የሚከፍት ጫኝ ካገኛችሁ ግን ሥራውን አስቁሙት። የሚክሮቲክ ማስተካከያ ፕሮግራም ዊንቦክስ የሚጠቀምበት ወደብ 8291ም ከውጭ ይዘጋ፤ በ2018 የሚክሮቲክ የይለፍ ቃሎች የተሰረቁት በዚያ በኩል ነው።

ከአጋሮ ለሒሳብ ሰርቨሩ ብቻ ፍቀዱ። የእንግዳ ዋይፋይ ዋሻውን ጨርሶ አይይ።

ጠያቂ

ተባረኩ። ለመጠባበቂያ የሳፋሪኮም ሲም ብናስገባስ? ሊሙ ገነት ላይም ሦስተኛ ልንከፍት እያሰብን ነው።

መልስ፦ ኔትወርክ ዘርጊ

ሲሙ አጋሮ ላይ ይረዳችኋል፤ ሲግናሉን ግን ቢሮው ውስጥ ቆማችሁ ለኩ። ራውተሩ መስመር ሲቀይር ዋሻው አዲሱን አድራሻ ራሱ ይከተላል። ጅማ ላይ ግን ሲም ብዙ ጊዜ ፐብሊክ አይፒ ስለማይሰጥ ዋናው መስመር ሲወድቅ ቅርንጫፎቹ አይደርሱባችሁም። ይህ የሚያሰጋችሁ ከሆነ ለጅማ ሁለተኛ ባለ ስታቲክ መስመር አስገቡ። ለሊሙ 10.20.3.0/24 እና 10.255.0.3 ያዙለት፣ ከአጋሮ ጋር የሚነጋገረውም በጅማ በኩል ይሁን።