የአንግልሲ ወንበር፦ 52 ሺህ መራጭ ለብቻው አንድ እንደራሴ ይገባዋል ወይ?

አወያይ፦
የዛሬው መከራከሪያ፦ በዌልስ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ያለችው የአንግልሲ ደሴት (ዌልሶቹ አኒስ ሞን ይሏታል) በሕግ የተሰጣት የብቻ ወንበር ይቀጥል ወይስ ይነሳ? ባጭሩ ነገሩ ይኸ ነው። የ2020ው የምርጫ ክልሎች ሕግ ዌልስ ለለንደኑ ፓርላማ የምትልካቸውን እንደራሴዎች ከ40 ወደ 32 አወረደ። በ2024ቱ ምርጫ የሌላው ሁሉ ወሰን ሲከለስ አንግልሲ ግን ሳትነካ ቀረች። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቁጥር ይዛችሁ ኑ፤ ስድብ ይሰረዛል።

ቁጥሬ፦
ይነሳ ባይ ነኝ። ስሌቱን ልዘርዝር። ማርች 2 ቀን 2020 በመዝገብ ላይ የነበረው የመላው ዩናይትድ ኪንግደም መራጭ ይወሰዳል። ከ650ው ወንበር ጥብቅ የተባሉት አምስቱ ከነመራጮቻቸው ይወጣሉ፦ ኦርክኒና ሼትላንድ 1፣ የስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች 1፣ ዋይት ደሴት 2፣ አንግልሲ 1። የቀረው ለ645 ሲካፈል 73,393 ይመጣል። ሌላው ክልል፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከዚህ ቁጥር ከ5 በመቶ በላይ መራቅ አይችልም። ስለዚህ ከ69,724 ማነስም ከ77,062 መብለጥም የለበትም። አንግልሲ በዚያው መዝገብ 52,415 ነበራት። ከአማካዩ ጋር ስታነጻጽሩት የአንድ አንግልሲያዊ ድምፅ 1.4 ያህል ይመዝናል። ኦርክኒ ለመድረስ መርከብ ወይም አውሮፕላን ያስፈልጋል፤ እሺ። አንግልሲን ግን ከዋናው ምድር ጋር ሁለት ድልድይ ያገናኛታል፤ አንደኛው ከ1826 ጀምሮ፣ ሁለተኛው ከ1850 ጀምሮ። በመኪና ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ሰርጥ ለምን ልዩ መብት ይሰጣል?

ሰርጥ ማዶ፦
ጋሽ ቁጥሬ፣ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ግን የወንበሩን ታሪክ አልነኩትም። አንግልሲ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የራሷ እንደራሴ አላት። ከ1951 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ አራት ፓርቲዎች ይዘዋታል። ሊበራሏ ሜገን ሎይድ ጆርጅ (በ1929 ስትመረጥ ከዌልስ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ነበረች) እስከ 1951፣ የሌበሩ ክሌድዊን ሂዩዝ እስከ 1979፣ የኮንሰርቫቲቩ ኪዝ ቤስት እስከ 1987፣ ከዚያ የፕላይድ ከምሪው (የዌልስ ብሔርተኛ ፓርቲ፤ ባጭሩ ፕላይድ) ዬያን ዊን ጆንስ እስከ 2001። ቀጥሎ እንደገና ሌበር (አልበርት ኦወን እስከ 2019)፣ ኮንሰርቫቲቭ (ቨርጂኒያ ክሮዝቢ እስከ 2024)፣ ዛሬ ደግሞ የፕላይዷ ሊኖስ ሜዲ። የራሱ ፖለቲካ ያለው ሕዝብ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፦ ከ1951 በኋላ እስከ 2024 ድረስ በወንበር ላይ ያለን እንደራሴ አላባረሩም። ሂዩዝ ጡረታ ወጣ፣ ቤስት የብሪቲሽ ቴሌኮም አክሲዮን ከአንድ በላይ ማመልከቻ አስገብቶ ስለተገኘ ዳግም አልተወዳደረም፣ ጆንስ ወደ ዌልሱ ጉባኤ (የዛሬው የዌልስ ፓርላማ) ሄደ፣ ኦወን በቃኝ አለ። ሕዝቡ ሰው ይመርጣል፤ ፓርቲ አይደለም።

ሕግ አንባቢ፦
«ሰው ይመርጣል» የሚለው ተረት በየምርጫው ይነሳል፤ በድምፅ ቆጠራው ላይ ግን አይቆምም። በ2015 ኦወን 10,871 አገኘ፣ ፕላይድ 10,642። ልዩነቱ 229 ነው! ድርሻው 31.1 በመቶ ብቻ። እንግዲህ ከመቶ 69ኙ ሌላ ሰው መርጧል። «ሕዝቡ ስለወደደው ቆየ» ከማለት «ተቃዋሚው በብዙ ስለተከፋፈለ ተረፈ» ማለት ይቀርባል።

1951ንም ተመልከቱ። ሂዩዝ ሜገንን በ595 ድምፅ ነው ያሸነፋት። በ1950 11,759 ነበረው፣ በ1951 11,814 ሆነ፤ የጨመረው 55 ሰው ነው። ሜገን ግን ከ13,688 ወደ 11,219 ወረደች፤ ኮንሰርቫቲቩ ከ3,919 ወደ 6,366 ወጣ። ሊበራሏ ያጣችው 2,469፣ ኮንሰርቫቲቩ ያገኘው 2,447። ማን ወዴት እንደሄደ ከድምሩ ብቻ በርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ግን ሌበር በዚያ ዓመት ደሴቲቱን «ማረከ» ማለት ስህተት ነው። ቆሞ ሳለ ወንበሩ ወደ እጁ ወደቀ።

ሰርጥ ማዶ፦
ይሄ ታዲያ የእኔን ክርክር ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ወንበሩ በ229፣ በ595፣ በ2024 ደግሞ በ637 ድምፅ የሚወሰን ከሆነ ከድልድዩ ማዶ መራጭ መጨመር ማለት ውጤቱን ወሰን ሠሪው ወሰነው ማለት ነው። ወደ 69,724 ለማድረስ ቢያንስ 17,309 ሰው ያስፈልጋል። ቅርቡ ባንጎር ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ ሌላ የወረዳ ምክር ቤት፣ ሌላ ጠባይ። በ2024 ባንጎር ያለበትን አዲሱን ክልል ሌበር ነው የወሰደው። ይሄ 17 ሺህ የ2024ቱን የ637 ልዩነት 27 ጊዜ ይበልጣል።

ቁጥሬ፦
እህቴ፣ ይሄ በየትኛውም ጠባብ ክልል ላይ የሚባል ነው። አርፎን የምትባለው ክልል ለሁለት ተከፍላ ስትጠፋ ማን አለቀሰላት? ሕጉ ለአንዱ ልዩ፣ ለሌላው መቀስ ሊሆን አይገባም። የጥበቃው አመጣጥም ያን ያህል የተቀደሰ አይደለም። በ2011ዱ ሕግ ዋይት ደሴትና ሁለቱ የስኮትላንድ ወንበሮች ጥበቃ ሲያገኙ አንግልሲ አልነበረችበትም። በዚያ ሕግ ሁለት ዙር የወሰን ጥናት ተደርጎ ደሴቲቱን ከዋናው ምድር ጋር የሚዳብል ሐሳብ ቀርቧል፤ ፓርላማው አንዱንም ሥራ ላይ አላዋለም። ጥበቃው የመጣው በ2020 ነው። ዓመት ቆጥራችሁ አስቡት፤ ወንበሩን ያኔ የያዘው በ2019 የነጠቀው ገዥው ፓርቲ ነበር።

ሕግ አንባቢ፦
ጋሽ ቁጥሬ፣ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለችም። ጥበቃው ለገዥው ፓርቲ ተብሎ ከሆነ መጥፎ ንግድ ነበር፤ አራት ዓመት ቆይቶ ተሸነፈበት።

ካርዲፍ ነዋሪ፦
እኔ ከሁለታችሁም የተለየ ነገር አለኝ። ደሴቲቱ ከባንጎር ጋር ቀድሞውንም ተዳብላለች! ለዌልሱ ፓርላማ (ለሴነዝ) ከ2026 ጀምሮ 16 ክልል ብቻ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ 6 አባል ይልካል። የአንግልሲው ክልል ስሙ ባንጎር ኮንዊ ሞን ነው፤ ሁለት የለንደን ክልሎች ተጣምረው የሠሩት። ታዲያ ለካርዲፉ ፓርላማ የሚሆን ለለንደን ለምን አይሆንም?

በነገራችን ላይ እዚህ ለምታነቡ ዌልስ ነዋሪ ኢትዮጵያውያን፦ በሕጋዊ መንገድ የምትኖሩ ከሆነ፣ የብሪታንያ ፓስፖርት ባይኖራችሁም፣ ለሴነዝና ለአካባቢ ምክር ቤት ከ16 ዓመት ጀምሮ መምረጥ ትችላላችሁ። ለለንደኑ ፓርላማ ግን አትችሉም፤ እዚያ የብሪታንያ፣ የአየርላንድ ወይም ሁኔታውን የሚያሟላ የኮመንዌልዝ ዜጋ መሆን ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ኮመንዌልዝ ውስጥ የለችም። ለሴነዝ ለመምረጥም መዝገብ ላይ መግባት ግድ ነው፤ መታወቂያ ይዞ በምርጫው ቀን መሄድ አይበቃም።

ሰርጥ ማዶ፦
ካርዲፍ ነዋሪ፣ ልዩነቱ ወንበሩ አንድ ነው ወይስ ስድስት በሚለው ላይ ነው። አንድ ሰው ብቻ በሚያልፍበት ክልል ደሴቲቱ ከተዋጠች ተዋጠች፤ ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም። ስድስት በሚያልፉበት ግን የደሴቲቱ ድምፅ ቢያንስ አንዱን ወይም ሁለቱን ማምጣት ይችላል። የ2024ቱን የለንደን ውጤት ወስጄ በሴነዙ የአቆጣጠር ዘዴ (የዶንት ዘዴ) ላስላላችሁ፤ ድምፁ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እየተካፈለ ትልቁ ቁጥር ወንበር ይወስዳል።

ፕላይድ 10,590፣ ኮንሰርቫቲቭ 9,953፣ ሌበር 7,619፣ ሪፎርም 3,223።
1ኛ ወንበር ፕላይድ (10,590)፣ 2ኛ ኮንሰርቫቲቭ (9,953)፣ 3ኛ ሌበር (7,619)፣ 4ኛ ፕላይድ ለሁለት ተካፍሎ (5,295)፣ 5ኛ ኮንሰርቫቲቭ (4,976)፣ 6ኛ ሌበር (3,809)። ፕላይድ ለሦስት ሲካፈል 3,530 ስለሆነ ለጥቂት ቀረ፤ ሪፎርምም በ3,223 ምንም አያገኝም።

ሁለት ሁለት ሁለት! ያንኑ ድምፅ በለንደኑ ዘዴ ስትቆጥሩት 32.5 በመቶ ያገኘችው ሁሉንም ወሰደች።

ሕግ አንባቢ፦
ስሌቱ ትክክል ነው፤ አንድ ጥንቃቄ ግን ይጨመርበት። ዘዴው ሲለወጥ ሰውም አመራረጡን ይለውጣል። «ድምፄ ባክኖ እንዳይቀር» ብሎ ሁለተኛ ምርጫውን የሚመርጥ ሰው በተመጣጣኝ ውክልና ጊዜ ወደ መጀመሪያ ምርጫው ይመለሳል። የሕዝቡ ልብ በምርጫው ዓይነት እንደሚለያይ ደግሞ አንግልሲ ራሷ ታሳያለች። በ2013 የዌልሱ ጉባኤ ማሟያ ምርጫ የፕላይዱ ራን ኣፕ ዮርወርዝ 12,601 ድምፅ፣ 58 በመቶ ወሰደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ለለንደን ሲመርጡ ፕላይድ 10,642 ላይ ቀረ፤ ሌበር አለፈ። ያው ደሴት፣ ያው መዝገብ ማለት ይቻላል።

የተከፋፈለ ድምፅ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደማይሠራም አትርሱ። በ2005 የቀድሞው የኮንሰርቫቲቭ የጉባኤ አባል ፒተር ሮጀርስ በግል ቀርቦ 5,216 አመጣ፤ የፓርቲው ዕጩ 3,915። ሁለቱ ተደምረው 9,131 ናቸው፤ ኦወን በ12,278 ነው ያለፈው፣ ፕላይድ 11,036። ስለዚህ ቀኙ ቢዋሃድም አያሸንፍም ነበር፤ ፉክክሩን ግን የሦስት ያደርገው ነበር። በ2019 በተቃራኒው ብሬግዚት ፓርቲ 2,184 ወስዶ እንኳ ክሮዝቢ በ1,968 አሸነፈች። ሊበራል ዴሞክራቶች ለፕላይድ ብለው ሳይወዳደሩ ቀርተው ፕላይድ ሦስተኛ ወጣ።

ቁጥሬ፦
2024ም እኮ እንዲሁ ነው፤ ሪፎርም 3,223 ባይወስድ ክሮዝቢ አትወድቅም ነበር።

ሕግ አንባቢ፦
ይህን ለማለት ከሪፎርም ድምፅ ቢያንስ 638ቱ፣ ማለትም ከአምስት አንዱ ያህል፣ ፓርቲው ባይኖር ወጥቶ ለሷ ይሰጥ ነበር ብሎ ማሰብ ይጠይቃል፤ ሌሎቹ ደግሞ ቤታቸው ይቀሩ ነበር ማለት። ይቻላል፤ የተረጋገጠ ግን አይደለም። በሌበር በኩልም 7,619 ነበር፤ እነሱ ወደ ፕላይድ ቢዞሩስ? ሦስት ጎን ባለው ፉክክር የአንዱን ጎን ብቻ አንስቶ «ባይኖር» ማለት አያስኬድም። የአገር አቀፍ የድምፅ ሽግሽግን በሁሉም ክልል እኩል የሚጭኑ ትንበያዎችም እንደ አንግልሲ ባለ ቦታ የሚስቱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ካርዲፍ ነዋሪ፦
ሁላችሁም እንጀራውን ረሳችሁት። የዊልቫ ኑክሌር ጣቢያ ከ1971 እስከ 2015 ሠራ፣ የአሉሚኒየም ማቅለጫው በ2009 ተዘጋ፣ የጃፓኑ ሂታቺ የአዲሱን ጣቢያ ሥራ በ2019 መጀመሪያ አቋርጦ በ2020 ጭራሽ ወጣ፣ በ2023 የላንጌቭኒ የዶሮ ፋብሪካ ተዘጋ። በ2025 መጨረሻ መንግሥት አነስተኛ ሞጁላር ሬአክተሮችን (ተገጣጣሚ የኑክሌር ማመንጫዎችን) ዊልቫ ላይ እንደሚተክል አስታወቀ። እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚከታተል ሰው ለብቻው ቢመደብ አያስከፋም፤ ሆሊሄድ ወደብም አለ፣ የደብሊን መርከብ የሚነሳበት። እኔን የሚያሳምነኝ ከታሪኩ ይልቅ ይኼ ነው።

ቁጥሬ፦
ወደብና ፋብሪካ ያለው ሁሉ ወንበር ይሰጠው ከተባለ 650 አይበቃም።

ሰርጥ ማዶ፦
የእኛው ሕገ መንግሥትስ? አንቀጽ 54 ከ550 የማይበልጡት የምክር ቤት አባላት ውስጥ ቢያንስ 20 ወንበር ለአናሳ ብሔረሰቦች ለይቷል። የቁጥር እኩልነት ብቻውን ፍትሕ አይደለም የሚል አስተሳሰብ እኮ አዲስ አይደለም።

ሕግ አንባቢ፦
ንጽጽሩ ግማሽ መንገድ ብቻ ይሄዳል። አንቀጽ 54 ጥበቃውን የሚሰጠው ለሕዝብ ነው፤ የ2020ው ሕግ የሚሰጠው ለመሬት ነው። አንግልሲ ውስጥ ዌልሽ ተናጋሪው ብዙ ቢሆንም ሕጉ ስለ ቋንቋ አንዲት ቃል አይልም። ለቋንቋው ተብሎ ቢሆን ኖሮ ከሰርጡ ማዶ ያለው፣ ዌልሽ ተናጋሪ ይበልጥ የሚበዛበት የግዊነዝ አካባቢ ይቀድም ነበር፤ እዚያ ግን ከሁለቱ ወንበሮች አንዷ አርፎን ነበረች፤ ተቆርጣ ጠፋች።

ቁጥሬ፦
ይኼን እኔ ብናገረው ባማረብኝ። ለማንኛውም የኔ ሐሳብ ወንበሩን መግፈፍ ሳይሆን ልኩን ማስተካከል ነው፦ ለደሴቶች የ5 በመቶው ገደብ ወደ 15 ይስፋ። 73,393 ላይ 15 በመቶ ሲቀነስ 62,384 ነው፤ አንግልሲ 10 ሺህ ያህል ትጨምራለች፤ ማዶ ያሉ የሜናይ ሰርጥ ዳርቻ ጥቂት ሰፈሮች ይበቃሉ፤ ባንጎርን ሙሉ መዋጥ አያስፈልግም።

ሰርጥ ማዶ፦
10 ሺህም ቢሆን ከ637 ይበልጣል፤ ያ 10 ሺህ ሰው ደግሞ ከራሱ ከተማ ተቆርጦ በድልድይ ማዶ ላለ እንደራሴ አቤት ይላል። የወሰን ኮሚሽኑ ቀጣይ ሪፖርት እስከ ኦክቶበር 1 ቀን 2031 መቅረብ አለበት፤ እሱ ግን ጥበቃውን የማንሳት ሥልጣን የለውም፣ ያ የፓርላማ ነው። ስለዚህ ጋሽ ቁጥሬ፣ 15 በመቶዎን ለኮሚሽኑ አስተያየት መስጫ ቢልኩት መልሱ «ሕጉ አይፈቅድልንም» ነው፤ የሚላከው ለእንደራሴዎ ነው።

አወያይ፦
ድምፅ መስጫው ከታች ተከፍቷል፦ ይቀጥል፣ ይነሳ፣ ወይም የቁጥሬ 15 በመቶ። ሦስት አማራጭ ስለሆነ 40 በመቶ ያገኘው «አሸነፈ» እንዳትሉኝ፤ ሁለተኛ ምርጫችሁንም ጻፉ።