ክርክር፦ ሃቲ ማክዳንኤል ገረድ ሆና በመተወኗ ትወቀሳለች?

የቡድኑ አዘጋጅ፦ የሳምንቱ ጥያቄ። ሃቲ ማክዳንኤል ኦስካር የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት፤ በ1940 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የተሸለመችው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ላይ ማሚ የተባለችውን ባሪያ ሞግዚት ሆና ነው። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመውን የፊልሙን መነሻ ልቦለድ፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን፣ ያነበበ ማሚን ያውቃታል። ሃቲ በፊልምም፣ በሬዲዮም፣ በቴሌቪዥንም የታወቀችው ገረድ ሆና ነው። ትወቀስ ወይስ ትመስገን?

ቀዮ፦ ትወቀስ! ጥቁር ሴት ማለት የጌታዋን ልጅ ከራሷ ልጅ አብልጣ የምትወድ ሳቂታ ናት የሚለውን ምስል ያደላደለችው እሷ ናት። ይህን ደግሞ እኔ ዛሬ አላመጣሁትም። የጥቁሮች መብት ማኅበር የኤንኤኤሲፒ መሪ ዋልተር ዋይት በ1942 ሆሊውድ ድረስ ሄዶ ስቱዲዮዎቹን ሞግቷል። እሷ ግን እንጀራዋን ሊዘጋ እንደመጣ ነው የቆጠረችው።

ማሂ፦ እና ምን ትሁን? የፊልሙን ነጭ ዋና ገጸ ባሕርይ ስካርሌትን? ከፊልም በፊት ሚልዋኪ ውስጥ የአንድ ክለብ መጸዳጃ ቤት ጠባቂ ነበረች እኮ። «ገረድ ሆኖ በሳምንት 7 ዶላር ከማግኘት፣ ገረድ መስሎ 700 ማግኘት ይሻላል» ትል ነበር ይባላል። ልክ ናታ!

ቀዮ፦ ለኪሷ ልክ ናት።

ጋሽ ሲኒማ፦ ልጆች፣ ቀስ። መጀመሪያ የሽልማቱን ምሽት እዩት። አምባሳደር ሆቴል ጥቁር አያስገባም ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ሴልዝኒክ ለምኖ ነው ያስገባት። ፀጉሯ ላይ ነጭ አበባ ሰክታ መጣች። የፊልሙ ሰዎች አንድ ላይ ሲቀመጡ እሷን ግን ከእነሱ ለይተው ግድግዳ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ሰጧት። እዚያ ተነስታ ሄዳ ነው የተሸለመችው። ደግሞ አንገቷን ደፍታ የኖረች እንዳይመስላችሁ። ሎስ አንጀለስ ሹገር ሂል ላይ ቤት ስትገዛ ነጮች ጎረቤቶች «ሰፈሩ ለጥቁር አይሸጥም» ብለው ከሰሱ። ጥቁር ጎረቤቶቿን አስተባብራ ተከራከረች፤ በ1945 ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረገው።

ማሂ፦ ጋሼ ይኑሩልን!

ቀዮ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ፍርድ ቤቱን ስንት ሰው አየው? ማሚን ግን ዓለም አየ። ከዚያም በ1947 ሬዲዮ ላይ «ቢዩላ» ሆነች፤ እሷም ገረድ። ቴሌቪዥን ላይም ያው ቢዩላ። ታማ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ቀርጻ በ1952 ሞተች እንጂ ትቀጥልበት ነበር።

ማሂ፦ ከእሷ ቀጥሎ ኦስካር ያገኘችው ጥቁር ተዋናይት ውፒ ጎልድበርግ ናት፤ በ1991። 51 ዓመት! ሃቲ እምቢ ብላ ቤቷ ብትቀመጥ በሩን ማን ይከፍተው ነበር?

ቀዮ፦ ራስሽ መለስሽው። ተከፍቶ ቢሆን 51 ዓመት ይፈጅ ነበር?

ጋሽ ሲኒማ፦ ስክሪፕቱን የጻፈው ሌላ፣ ገንዘቡን ያወጣው ሌላ፣ ትርፉን የበላው ሌላ። እናንተ ግን ጠዋት የጀመራችሁት ክርክር እሷ ላይ ብቻ ነው። ስቱዲዮዎቹስ?

ቀዮ፦ እሺ ጋሼ፣ እነሱም ይጨመሩ። እሷን ግን ከዝርዝሩ አልሰርዝም።