ፒኤችዲው ይቅደም ወይስ የመምህራን ስልጠናው?

ጥያቄው (ከደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ሰሜን ሸዋ የምታስተምር አንዲት እህት በንግግርና ቋንቋ ሕክምና ፒኤችዲ ልትጀምር ነው። የምታጠናው ሁለትና ሦስት ቋንቋ እየሰሙ ያደጉ ልጆች ማንበብ ሲያቅታቸው ችግሩ ከምን እንደሆነ ነው። ወጪዋን ዞኑ ይሸፍንላት የሚል ሐሳብ ተነስቶ ሰው ለሁለት ተከፍሏል። እናንተስ?

ርዕሰ መምህር ከሸዋ ሮቢት፦ እኔ አልስማማም። ፒኤችዲ አራት ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለው ልጅ እስከዚያ አምስተኛ ይገባል። በዞኑ ስንት ትምህርት ቤት አለ፣ የንግግር ቴራፒስት ግን አይቼ አላውቅም። በዚያ ብር መምህራን ይሰልጥኑ፣ አለቀ።

እናት ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ ስልጠናውን ማን ይስጠው? ልጄ ሲናገር ቃሉ አልወጣ ሲለው ጭኑን በእጁ ይመታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ጤና ጣቢያ ወስጄው «ሁለት ቋንቋ ስለምታናግሩት ነው፣ አንዱን ተዉት» አሉኝ። አባቱ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፣ ተወ። መንተባተቡ እንዳለ ነው። አያቱ ግን አማርኛ ስለማታውቅ አሁን ዝም ብለው ይተያያሉ፣ ይሄ አንጀቴን ይበላኛል።

ቴራፒስት (የአንኮበር ልጅ፣ አሁን አዲስ አበባ)፦ እህቴ፣ አባቱ ዛሬውኑ በቋንቋው ያናግረው። ሁለት ቋንቋ መስማት መንተባተብ አያመጣም። ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ በሆነ ጊዜ ይንተባተባሉ፣ አብዛኞቹ ይተዋቸዋል፣ አዋቂ ላይ 1 ከመቶ ገደማ ነው የሚቀረው። አትቆጡት፣ ቃሉን አትጨርሱለት፣ ጊዜ ስጡት። ካልተወው ደግሞ ቴራፒ ይረዳዋል።

መምህርዬ፣ እርስዎ ስልጠና ሲሉ እኔም ደስ ይለኛል፣ ግን ምን ይዘን እናሰልጥን? እውነተኛ የቋንቋ እክል ያለበት ልጅ በሚያውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይቸገራል፤ በአማርኛ ብቻ የሚቸገረው ገና እየለመደ ያለ ሊሆን ይችላል። ይህንን ለመለየት በሁለቱም ቋንቋ መመዘን ግድ ነው። እጃችን ላይ ያሉት መመዘኛዎች አብዛኞቹ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች የተሠሩ ናቸው፣ ተርጉመህ ብታመጣቸው አይሠሩም፤ የእኛ ግስ ማን እንዳደረገው፣ ማን ላይ እንደተደረገ ሁሉ አንድ ቃል ውስጥ ያጭቃል፣ ፊደላችን ደግሞ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። የሦስት ዓመት ልጅ ከዚህ የቱን መቻል አለበት? የአምስት ዓመቱስ? በብዙ ልጆች ላይ ለክቶ የሚነግረን ሰው ያስፈልጋል። የፒኤችዲ ሥራ ማለት ይሄ ነው።

መምህር ከአጣዬ፦ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። እሁድ ሰንበቴ ገበያ የወጣ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛ፣ አርጎብኛ ባንድ ቦታ ይሰማል፣ ልጆቹም እንደዚያው ናቸው። አንድ ልጅ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በኩል ወደ እኛ ተዛውሮ መጣ። በቁቤ ሲያነብ ውሃ ነው። በእኛ ፊደል ግን «በ»ን እና «ቡ»ን እያምታታ ይቆማል፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ፊቴን ያያል። 231 ፊደል ገና መልመዱ ነው እኮ! «ዘገምተኛ» ተብሎ ወደ ታችኛው ክፍል ወረደ። ማንም በቁቤ አስነብቦ አላየውም። እኔ ይህቺን ሴት እደግፋለሁ።

ነጋዴ ከመሐል ሜዳ፦ ለትምህርት ሄዳ በዚያው ብትቀርስ? ስንቱ ተምሮ እዚያው ቀረ። የገበሬ ግብር ነው።

ቴራፒስት፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ ልክ ነው። ውል ትፈርም፣ መረጃውንም እዚሁ ከእኛ ልጆች ትሰብስብ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፣ አንድ አማካሪዋ ከዚያ ይሁን።

ርዕሰ መምህር ከሸዋ ሮቢት፦ የአጣዬው ልጅ ነገር ከንክኖኛል፣ ነገ የወረዱትን ልጆች መዝገብ አወጣለሁ። ብሩን በተመለከተ ግን ውሉ ላይ በየክረምቱ መምህራን ታሰልጥን የሚል ከገባ እፈርማለሁ። ካልገባ አቋሜ ያው ነው።