ልጄ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበርደዋል፣ ምን ዓይነት የዋና ልብስ ልግዛለት?

የአምስት ዓመት ልጅ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ውሃ ነፍሱ ነው። ግን ገብቶ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ና ውጣ ስለው ደግሞ እሪ ይላል። ገንዳው 26 ዲግሪ ነው ብለውኛል። እጅጌ ረጅም ላይክራ አለበስኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ወፍራም ነገር ልገዛለት ነው፣ ለከርሞም እንዲሆነው ትንሽ ሰፋ ያለውን ብወስድስ?

የዋና አሰልጣኝ፦
እህቴ፣ ሰፊ እንዳትገዢ! ላይክራ ከፀሐይ ይከላከላል እንጂ አያሞቅም፣ ስስ ጨርቅ ነው። የሚያሞቀው ኒዮፕሪን ነው፣ ያ ስፖንጅ የሚመስለው ላስቲክ። ውስጡ ጥቃቅን አረፋዎች አሉት፣ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፉም። በልብሱና በገላው መሀል የምትገባዋን ጥቂት ውሃ ደግሞ ሰውነቱ ያሞቃታል፣ እዚያው ትቆይለታለች። ልብሱ ከሰፋ ግን ቀዝቃዛው በአንገቱ እየገባ የሞቀውን ጠራርጎ ይወጣል፣ ልፋትሽ ሁሉ ከንቱ። ለዚህ ገንዳ እጅጌውና እግሩ አጭር የሆነ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል፣ ሐይቅ ወይም ባሕር ከሆነ ሙሉውን 3 ሚሊ ሜትር ፈልጊ። ስታስለኪው ብብቱና ወገቡ ጋ ክፍተት አይኑር፣ ግን እጁን ሲያነሳ እንዳይወጥረው፣ አንገቱንም እንዳያንቀው።

የሁለት ልጆች አባት፦
አሰልጣኙ ልክ ነው። ውሃ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል፣ ልጆች ደግሞ ቆዳቸው ከክብደታቸው አንፃር ሰፊ ስለሆነ ከእኛ ቀድመው ይቀዘቅዛሉ። እኔ የተማርኩት ሌላ ነገር፣ ሲወጣ እርጥቡን ልብስ ቶሎ አውልቂለት። ልጄን እንደለበሰች ንፋስ ላይ አቁሜያት ከውሃው ይልቅ እዚያ ተንቀጠቀጠች፣ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን ኮፍያ ያለው ፎጣ ዳር ላይ ሳላዘጋጅ አትገባም።

የአምስት ዓመት ልጅ እናት፦
ተባረኩ! ልኩን እገዛለታለሁ። ኒዮፕሪን ያንሳፍፋል ሲሉም ሰምቻለሁ፣ ታዲያ ትንሽ ራቅ ብዬ ብቀመጥ ችግር አለው?

የዋና አሰልጣኝ፦
በፍጹም እንዳታደርጊው! ትንሽ ያቀለዋል እንጂ የሕይወት ጃኬት አይደለም፣ ፊቱን ከውሃ በላይ አይዝለትም። እጅሽ ከሚደርስበት አይራቅ። ልብሱን ለብሶም ቢሆን መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ቢያለቅስም አውጪው።