ቡናን ያለ ስኳር እንዴት ልልመደው?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። ጅማ ሂርማታ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጎረቤቴ ቡና ስታፈላ ከአቦል እስከ በረካ አልቀርም፤ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ነው የምጨምረው። ከሰዓት ደግሞ ለስላሳ። አባቴ በስኳር በሽታ እግሩ ተቆርጧል፤ እኔም ፈርቻለሁ። ሰኞ ተውኩ። ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ ራሴን አመመኝ፣ እጄም ወደ ስኳሩ ሄደ። ምን ላድርግ?

የጅረን ልጅ፦
አይዞህ ወንድሜ። እኔም በአንዴ ልተው ብዬ ሁለቴ አቅቶኛል። የጠቀመኝ ቀስ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ባዶውን። ምላስ ይለምዳል። አሁን የቡናው የራሱ ጣዕም ነው የሚሰማኝ፤ እንዲህ ያለ ቡና አገር ተወልጄ እስከ ዛሬ አላውቀውም ነበር! ደግሞ አስር ሰዓት ላይ የሚይዝህ ረሃብ ይመስለኛል። ምሳ ምን በላህ? እኔ ሽሮ ወይም ምስር በደንብ ከበላሁ አምሮቱ አይመጣም። ኪሴ ውስጥም ቆሎ አይጠፋም።

ነርሷ፦
መጀመሪያ ለስላሳውን ተው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ስኳር በቀን 25 ግራም ገደማ፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ባያልፍ ይመረጣል ይላል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ያልፈዋል። ማርም ከዚሁ ይቆጠራል፣ የጫካ ማር ቢሆንም። የአባትህ ነገር ስላለ ግን ጤና ጣቢያ ሄደህ በባዶ ሆድ ተለካ፤ አትዘግይ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለካ ሐሙስ ምሳ ሳልበላ ነው የዋልኩት። ነገ ጠዋት እለካለሁ።