የተረፈ መድኃኒት ሽንት ቤት ብጨምረው ማጣሪያው ያስቀረዋል?

የአባቷ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ካረፈ ሁለት ወር ሆነው። ትናንት ኮመዲኖውን ሳጸዳ አንድ ፌስታል ሙሉ መድኃኒት አገኘሁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ካርባማዜፒን አለ፣ የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ አለ፣ ያላለቀ አንቲባዮቲክም አለ። አክስቴ «ሽንት ቤት ጨምሪና ውሃ ልቀቂበት» አለችኝ። ኮንዶሚኒየማችን ከፍሳሽ መስመር ጋር ተገናኝቷል። ማጣሪያ ካለ ችግር የለውም ማለት ነው? በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚበቅለውን ጎመን እኛም እንበላለን እኮ።

ከዙሪክ፦
ነፍስ ይማር እህቴ። እባክሽ እንዳትጨምሪው። እኔ የምሠራው ፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ነው። ማጣሪያ የተሠራው ለዓይነ ምድርና ለምግብ ትርፍራፊ ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ የሚበሉትን ይመርጣሉ። ፓራሲታሞልንና የቡናውን ካፌይን ከ90 በመቶ በላይ ጥርግ አድርገው ይበሉታል። ካርባማዜፒንን ግን አይነኩትም ማለት ይቻላል። እንዲያውም አንዳንዴ ከገባው የወጣው በልጦ ይለካል፣ ምክንያቱም ጉበታችን ከሌላ ነገር ጋር አጣብቆ በሽንት ያስወጣውን ባክቴሪያዎቹ መልሰው ይፈቱታል። ዳይክሎፌናክም አብዛኛው ያልፋል።
እዚህ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሕጉ ትልልቆቹ ማጣሪያዎች ኦዞን (ኬሚካሎችን የሚሰባብር ጋዝ) ወይም አክቲቬትድ ካርቦን (ኬሚካሎችን የሚይዝ ከሰል) እንዲጨምሩ ያዛል፤ ለመለኪያ ከተመረጡት ኬሚካሎች 80 በመቶው መወገድ አለበት። ካርባማዜፒን ኦዞን ሲያገኘው ወዲያው ይሰባበራል። የማያጣብቅ መጥበሻ ላይ ስሙ የሚነሳው ፒፋስ የሚባለው ኬሚካል ግን ኦዞንንም ይቋቋማል።

አቃቂ ያደገው፦
የቃሊቲው ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የመቀበል አቅም አለው፤ ትልቅ ነው፣ ግን የሚሠራው በባክቴሪያ ነው። ከከተማው ብዙው ቤት ደግሞ ከመስመሩ ጋር ጭራሽ አልተገናኘም፣ ፍሳሹ በየቦዩ ወንዝ ይገባል። ልጅ ሆነን ጠዋት ወንዙ ላይ ነጭ አረፋ ተከምሮ እናይ ነበር። ጎመኑ የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው፤ በጣም ያሳስበኛል።

የአባቷ ልጅ፦
ታዲያ የት ልጣለው?

ከዙሪክ፦
መጀመሪያ ፋርማሲ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂ። ካልተቀበሉ ክኒኖቹን ከማሸጊያቸው አውጪና ከቡና አተላ ጋር ደባልቂያቸው፣ ልጅም ውሻም እንዳይበላው። ፌስታሉን ጥብቅ አድርገሽ ቋጥረሽ ከቆሻሻ ጋር ጣይው። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው መድኃኒት ፍሳሽ ውስጥ የሚገባው በሽንት ነው፣ ያንን ማስቆም አንችልም። ይሄን ፌስታል ግን እንችላለን።

የአባቷ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ቡና ስናፈላ አተላውን አስቀምጣለሁ፤ ለአክስቴም አነብላታለሁ።