«ገበሬው ለሳይንስ ዝግጁ አይደለም» ያልከው ሰው ና መልስ

ቆቅ፦ ትናንት እዚሁ «ድህነት ያልጠፋው ገበሬው ለሳይንስ ዝግጁ ስላልሆነ ነው» የሚል አንብቤ እስካሁን ይቆጨኛል። ጤፍ በመስመር ዝሩ ተብሎ የተዘመተው ተረሳ? በሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይበተን የነበረው ዘር፣ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል ተባለ። ያቺን ደቃቅ ዘር ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየቆነጠረ መስመር ለመስመር የሚያወርዳት ማነው?

መሐንዲሱ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ምርት ከጨመረ ጉልበት ምን ችግር አለው? ዝግጁ የሆነ ሰው ይለፋል።

ቆቅ፦ ይለፋል?! በዘር ወቅት ለቀን ሠራተኛ የሚከፍለውን ደምርበትና ንገረኝ።

የቢሾፍቱ ልጅ፦ ቁንጮ የሚባለውን የጤፍ ዝርያስ ምን ልትለው ነው? የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ዱከም የሚባለውን ዝርያ ሲያወጣ ምርቱ ጥሩ ነበር፤ ግን እንደ ማኛ አይነጣም። ማኛ ደግሞ ነጭ ነው፣ ምርቱ አነስተኛ። ሁለቱ ተዳቀሉና እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ ወጣ። ገበሬው ተሻምቶ ወሰደው። ያው «ዝግጁ ያልሆነው» ገበሬ ነው!

መሐንዲሱ፦ ያ የምርጥ ዘር ጉዳይ ነው።

የቢሾፍቱ ልጅ፦ የገበያም ጉዳይ ነው እንጂ። ዘር አዳቃዩ ኩንታል ሲቆጥር ገበሬው ዋጋ ይቆጥራል። የገበያ ባለሙያ አብሮ ካልተቀመጠ ጥሩ ዘር መጋዘን ይቀራል።

ሰርገኛ፦ ነጭ ጤፍ ማምለካችንስ? ቀይ ጤፍ የድሃ ነው ያለው ማነው? የሥነ ምግብ ሰውም ይጠየቅ።

የቢሾፍቱ ልጅ፦ እሺ፣ ግን ቀዩን በነጩ ዋጋ ትገዛዋለህ? የከተሜውን ምርጫ ገበሬው ላይ አትጫን።

ሰርገኛ፦ እኔ ቤት ቀይ ነው የሚጋገረው። አትሳደብ።

የቢሾፍቱ ልጅ፦ ማን ሰደበህ?

ቆቅ፦ ወደ ነገራችን። መሐንዲሱ፣ ስምህን ራስህ ነው የመረጥከው። ለጤፍ የሚሆን፣ ጥንድ በሬ ያለው ሰው የሚገዛው መዝሪያ መሥራት የማን ሙያ ነው? አግሮኖሚስቱ፣ የሰብል ባለሙያው፣ መስመር አለ፣ አንተ «ይለፋል» አልክ፤ መሣሪያው የታለ?

መሐንዲሱ፦ መሣሪያ ቢሠራም ብድር ከሌለ አይገዛውም።

ቆቅ፦ እንግዲያው የጎደለው ብድርና መሣሪያ ነው፤ የገበሬው ዝግጁነት አይደለም። ያንን ጽሑፍ አንሳው።

መሐንዲሱ፦ አላነሳም።

ሰርገኛ፦ ቀይ ጤፍን ማንም አልመለሰልኝም።